ለቡናው አልጋ፣ ለጠባቂዋ ጉድባ

እኛ ሀገር ሰው ማዋረድ የፈለገ ብዙ መድከም የለበትም። «የውሻ ልጅ!» ካለ ጨርሷል። ከዚያ ወዲያ የሚጨመር ቃል የለም፤ ከተጨመረም ዱላ ነው። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩባቸው ዓመታት ይህን ስድብ እያነሣሁ ተማሪዎቼን እጠይቃቸው ነበር። የላም ልጅ ጥጃ ሲባል የሚከፋው የለም፤ የበግ ልጅ ግልገል ነው፣ ሕፃን ይቆላመጥበታል፤ የውሻ ልጅ ምን በድሎ ነው ስድብ የሆነው? መልሱ ብዙ ነበር። አባቱ ስለማይታወቅ፣ ቆሻሻ ስለሚበላ፣ ስለሚልከሰከስ… አንዳንዱም «ቲቸር፣ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል እንዴ?» ይል ነበር።

የእኔ መልስ አጭር ነው። የውሻ ልጅ ስድብ የሆነው የትም ስለሚወለድ ነው። የትም እንዲወለድ ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን። መጀመሪያ አዋርደን አስወለድነው፤ ቀጥሎ ውርደቱን ወስደን ለሰው ስድብ አደረግነው።

ነገሩን ከስድብ እናውርደውና መሬት ላይ እንየው። መሬቱ ዲላ ነው፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ የሚገኘው የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ። ከዲላ ወደ ደቡብ ወናጎ አለ፣ ይርጋጨፌ አለ፣ ኮቾሬና ገደብ አሉ። የይርጋጨፌን ስም ዓለም የሚያውቀው በቡናው ነው። በመኸር ወቅት በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ግራና ቀኝ የሚያየው አልጋ ነው። የሰው አልጋ እንዳይመስላችሁ፤ የቡና አልጋ ነው።

ስለዚህ አልጋ ትንሽ ልበላችሁ፤ የሙግቴ መሠረት እሱ ነውና። ከእንጨት ይሠራል፤ ሽቦ ወይም ወንፊት ይወጠርበታል። የመሬት እርጥበት እንዳይነካው ከመሬት ከፍ ይላል፤ ነፋስ ከላይም ከታችም ያገኘዋል። ፀሐይ ስትበረታ ቡናው ይሸፈናል። ማታ ጤዛ እንዳይመታው ይሸፈናል። ሰማዩ ያጉረመረመ እንደሆነ ሠራተኛው ሁሉ እየሮጠ ያለብሰዋል። ሴቶቹ አልጋውን ከበው ቀኑን ሙሉ ያገላብጡታል፤ የተበላሸውን ፍሬ አንድ በአንድ በእጃቸው ይለቅማሉ። አራስ ልጅ እንኳ እንዲህ የሚያዝበት ቤት ስንት ነው?

ታዲያ ይህን ቡና ሌሊት የሚጠብቀው ማነው? ዘበኛው ነው ትሉኝ ይሆናል። ዘበኛውማ ጋቢውን ተከናንቧል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሽታ ሰምታ የምትነሣው ውሻዋ ናት። ዘበኛውም የሚነቃው በእሷ ጩኸት ነው። እሷ ስታረግዝና ቀኗ ሲደርስ የት ትወልዳለች? ከአልጋው ሥር ትሞክራለች። ከዚያ ሲያባርሯት ጉድባ ውስጥ ትገባለች፤ ጉድባው ውኃ ከሞላ ከቱቦ ሥር፣ ቱቦው ከተያዘ ከቆሻሻ ክምር ጎን። አልጋው ለቡናው፣ ጉድባው ለቡናው ጠባቂ። ክፍፍላችን ይኼ ነው።

አንድ ቡና አቅራቢ ወዳጄን ጠየቅሁት። «ይቺ ውሻ ወር አይሞላትም፣ ትወልዳለች። ምን አዘጋጀህላት?»

ሳቀብኝ። «መምህር፣ ደግሞ ለውሻ አራስ ቤት ልሥራ? ገንፎውንስ ማን ያገንፋ?»

በቦታው የነበሩት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነው። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን ሒሳብ እንሥራ።

ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ያህል ነው። ቡችሎቹ ሲወለዱ ዓይናቸው አያይም፣ ጆሯቸው አይሰማም። ዓይናቸው የሚከፈተው በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ሙቀታቸውን ራሳቸው መጠበቅ አለመቻላቸው ነው። ትልቅ ውሻ ሲበርዳት ትንቀጠቀጣለች፤ መንቀጥቀጡ ያሞቃታል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቡችላ መንቀጥቀጥ እንኳ አይችልም። እርጥብ መሬት ላይ የተኛ እንደሆነ ዝም ብሎ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ ቡችላ ጡት አይስብም፤ ቢስብም ወተቱ አይፈጭለትም። በመጀመሪያዋ ቀን ማግኘት ያለበትን እንገር ካላገኘ ደግሞ እናቱ የምታወርሰው የበሽታ መከላከያ ያመልጠዋል። የጌዴኦን ዝናብ የሚያውቅ ሰው የቀረውን ራሱ ይጨርሰው። ዲላ ላይ በዝናብ ወራት ጉድባ ምን እንደሚመስል እናውቃለን፤ ከዲላ ወደ ቡሌ ደጋ የወጣ ደግሞ ብርዱንም ይጨምርበት።

«ታዲያ ቢሞቱስ? መብዛታቸው አይደል ያስቸገረን?» የሚል አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። ይሄኛው አንባቢ ከቀልደኛው ወዳጄ ይልቅ ቁም ነገረኛ ነው፤ መልስ ይገባዋል።

ወንድሜ፣ ሁሉም አይሞቱም። ከስድስቱ ሁለቱ ሦስቱ ይተርፋሉ። የሚተርፉት ምን ሆነው ነው የሚተርፉት? ቡችላ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ባለው ጊዜ የሚያየውን ነገር ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። በዚያ ጊዜ የሰው እጅ፣ የሰው ድምፅ፣ የልጅ ጨዋታ የለመደ ውሻ ሰውን አይፈራም። ጉድባ ውስጥ ያደገው ቡችላ ከሰው ያየው ነገር ድንጋይ ነው። ያውም ትምህርት ቤት ውሎ የሚመለስ ልጅ የወረወረው ድንጋይ። የፈራ ውሻ ይነክሳል። የሚነክሰው ደግሞ ከቁመቱ ጋር የሚመጣጠነውን ነው፤ ልጁን።

እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቃል። በእብድ ውሻ በሽታ ምክንያት በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰው እንደሚሞት የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ለበሽታው ተጠርጥሮ ከሚነከሰው ሰው ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ ነው። የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ልጁ ውኃ እየፈራ፣ እየተሠቃየ፣ ወላጆቹ እያዩት ይሞታል። ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ. ለተነከሰ ልጅ ክትባት ሰጥቶ ካዳነ ይኸው ስንት ዘመን! በእኛ ሀገር ለረጅም ጊዜ የተነከሰ ሰው ዕጣ ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ሆድ ላይ መርፌ መወጋት ነበር። ዛሬም ከገጠር ቀበሌ ወጥቶ ክትባቱ ወዳለበት ጤና ተቋም በጊዜ የሚደርሰው ሁሉም አይደለም። ለዚህ ነው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ አጥቡ፣ ቀን ሳታሳልፉ ወደ ሐኪም ሂዱ የሚባለው።

«ስለዚህ እንፍጃቸው!» ትላላችሁ። ይህም አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎች ከተሞች ስትሪክኒን የሚባል መርዝ በሥጋ እየተለወሰ ሌሊት ሲበተን ኖሯል። ጠዋት መንገድ ዳር የተገታተረ ሬሳ አይተን ያለፍን ብዙ ነን። ውጤቱስ? ከዓመት በኋላ ውሻው ያው ነው፣ በሽታውም ያው ነው። ምክንያቱ ምሥጢር የለውም። መርዙ የተከተበውንም ያልተከተበውንም አይለይም። የሞተው ውሻ ትቶት የሄደው ቆሻሻና አጥንት ደግሞ እዚያው ነው፤ ባለቤት አልባ ሆኖ ሲቀር ከሌላ ሰፈር ሌላ ውሻ ይመጣል፣ ከጉድባው ሌላ ቡችላ ይወጣል። በሽታው እንዲቆም ከውሾች 70 በመቶው መከተብ አለበት ይላሉ ባለሙያዎቹ። ዘንድሮ ሰባ በመቶውን ብንከትብ፣ በዓመት ሁለቴ የምትወልድ ውሻ ማንም የማያውቃቸውን ቡችሎች ጉድባ ለጉድባ እየጨመረች የከተብነውን ድርሻ ታሳንሰዋለች። የት እንደተወለደ ያልታወቀ ቡችላ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ አይከተብም፤ ያልተከተበ እብደቱን ተቀብሎ ያቀብላል። የመውለጃው ቦታ ጉዳይ የእንስሳ ፍቅር ጉዳይ ብቻ የመሰለው ሰው እዚህ ላይ ደግሞ ያንብብ።

መዘዙ ለሰው ብቻም አይደለም። ከእኛ በስተምሥራቅ፣ ባሌ ተራሮች ላይ፣ በዓለም ሁሉ ቢቆጠር ከ500 የማይበልጠው ቀይ ቀበሮ ይኖራል። ከሀገራችን በቀር የትም የለም። በ1991 እና 92፣ ከዚያም በ2003 እ.ኤ.አ. የፈጀው ይኸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው፤ ያስተላለፈበትም የመንደር ውሻ ነው። ዓለም ሊያየው የሚመጣውን እንስሳ ለቡችላ ግድ በማጣታችን ልናጠፋው ምንም አልቀረንም ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ሙግት ልምጣ። «ሰው ቤት አጥቶ ለውሻ ቤት?» የሚለው ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን እንደ ተራ ማምለጫ እቆጥረው ነበር። ጌዴኦ ውስጥ ግን ይህን ቃል የሚናገር ሰው መብት አለው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሎ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ፣ በሸራ ሥር ሲያድር አይተናል። ላስቲክ ሥር የወለዱ እናቶች ነበሩ። ይህን ያየ ሰው ፊት ቆሞ ስለ ውሻ አልጋ ማውራት ቀላል አይደለም።

ቢሆንም እናገራለሁ። እስቲ ልጠይቅ፤ ውሻዋ ጉድባ ውስጥ ስለወለደች ከተፈናቃዩ ማን ቤት አገኘ? ለእሷ ያልተሠራው ሣጥን ጣውላ ለየትኛው ድሃ ጣሪያ ሆነ? የሁለት ነገር ምርጫ የሚባለው አንዱን ስትተው ሌላውን የምታገኝ ከሆነ ነው። እኛ ሁለቱንም ነው የተውነው። ደግሞም በሸራ ሥር የሚያድረው ልጅ ነው ለባዘነ ውሻ ጥርስ የሚጋለጠው፤ ግንብ አጥር ያለው ሰው ልጅማ በመኪና ይመላለሳል። «ሰው እያለ» የሚለውን ቃል አጥብቄ የምወድ ሰው ነኝና፣ ለሰው ስትሉ የውሻዋን መውለጃ አስተካክሉ እላለሁ።

«ውሻ ርኩስ ነው» ለሚለኝም መልሴ አጭር ነው። ሳሎን አስገቡት አላልኩም። ወንጌሉ ውስጥ የአልዓዛርን ቁስል የላሱት ውሾች ናቸው፤ የባለጸጋው ደጅ ላይ ከዚያ የተሻለ ደግ አልተገኘም። ቁርኣኑ ውስጥ የዋሻው ሰዎች ሲተኙ ደጃፉ ላይ ክንዶቹን ዘርግቶ የተኛው ውሻ ነው። ሁለቱም ቦታ ውሻው ደጅ ነው ያለው። እኔም የምለው ደጁን አስተካክሉለት ነው።

የተማረው ሰው ከዚህ የተለየ እንዳይመስላችሁ። የሆሜርን ኦዲሲ ሳስተምር፣ ጌታውን ሃያ ዓመት ጠብቆ፣ በፍግ ክምር ላይ ተጥሎ፣ በመጨረሻ ድምፁን ሲሰማ ጭራውን ቆልቶ ስለሞተው ስለ አርጎስ ስንደርስ ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። ዓይኑን የሚጠርግም አይጠፋም ነበር። ደወል ተደውሎ ሲወጡ በር ላይ የተኛችውን አጥቢ ውሻ በእግሩ የሚገፋት ያው ዓይኑን የጠረገው ነው። እንባ ለመጽሐፍ ውሻ፣ እርግጫ ለሰፈር ውሻ! የማንበብ ትርፉ ይኼ ከሆነ ባናነብስ?

ጌዴኦ ደግሞ ይህ የማይመጥነው ሀገር ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ያደነቀው አንድ ነገር አብሮ መኖሩን ነው። ትልቁ ዛፍ ለእንሰቱ ጥላ ይሆናል፤ ከእንሰቱ ሥር ቡናው ይበቅላል። አንዱ ሌላውን እየጋረደ፣ ማንም ያለ ጥላ ሳይቀር፣ ሕዝቡ በጠባብ መሬት ላይ ተጠጋግቶ ለዘመናት ኖሯል። ገበሬው ይህን ከማንም አልተማረም፤ ከአባቱ ነው ያገኘው። ጥላን እንዲህ የሚያውቅ ሕዝብ መሐል ጥላ ያጣችው ጓሮውን የምትጠብቀው ውሻ ብቻ ናት።

በየከተማው አዲስ የመጣ ሌላ ጉድም አለ። «የፈረንጅ ውሻ» አሳድጎ ቡችላ የሚሸጠው ሰውዬ። ይሄኛው ለመውለጃው ያስባል፤ አንዱ ቡችላ ስንት እንደሚያወጣ ስለሚያውቅ። ብርድ ልብስ ያነጥፋል፣ ሐኪም ይጠራል። እዚያው ግቢ በር ላይ ያለችው የአበሻ ውሻ ግን ስትወልድ ወንዶቹ ተመርጠው ለዘበኝነት ይያዛሉ፤ ሴቶቹ ቡችሎች በማዳበሪያ ከረጢት ተቋጥረው ገበያ ዳር ወይም ወንዝ ዳር ይጣላሉ። ዓይናቸው ሳይገለጥ። «ሴት ናት፣ ነገ ወልዳ ታስቸግረናለች» ነው ምክንያቱ። የተጣለችው ካልሞተች ግን አድጋ የምትወልደው ያው ሰውዬው ደጃፍ ላይ ነው፤ በዚህ ጊዜ ያልተከተበች፣ ሰው የምትፈራና የምትናከስ ሆና። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል። ይህን ቀዳዳ ግን የቀደደው ሰው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? ውድ ነገር አልጠይቅም። አንድ የሣጥን መደብ፤ ውሻዋ ተዘርግታ ስትተኛ የምትበቃትና ትንሽ የምትተርፋት። መካከለኛ ለሆነች የአበሻ ውሻ በየጎኑ አንድ ሜትር ከሃያ ይበቃታል። ልክ እንደ ቡናው አልጋ ከመሬት ከፍ ይበል፤ እንደ እሱ ወንፊት አይሁን እንጂ፣ ወለሉ የተገጠመ ጣውላ ይሁን። ከላይ ቆርቆሮ፣ ከነፋሱ በኩል ግድግዳ። በአንድ በኩል መግቢያው ዝቅ ይበል፤ እናቲቱ እንድትወጣ፣ ቡችሎቹ ግን እንዳይወጡ። በውስጥ በኩል ዙሪያውን፣ ከወለሉም ከግድግዳውም አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል የራቀ አግዳሚ እንጨት ይመታ። ይህ ለጌጥ አይደለም። እናቲቱ ደክሟት ግድግዳውን ተደግፋ ስትተኛ ከጀርባዋ የቀረ ቡችላ ይጨፈለቃል፤ አግዳሚው ለዚያ ሚስኪን የመተንፈሻ ቦታ ይተውለታል።

ለምጡ ቀን አሮጌ ጋዜጣ አንጥፉ። ይህን ዓምድ የያዘውንም ቢሆን ቅር አይለኝም፤ ከብዙ አንባቢ ይልቅ እሷ ትጠቀምበታለች። ከዚያ በኋላ ንጹሕ ጨርቅ ወይም የታጠበ ኬሻ ይደረግ፤ ላስቲክ ያንሸራትታቸዋል። ሲረጥብ ይቀየር። እንዲሞቃቸው ብላችሁ የከሰል ምድጃ አታስገቡ፤ የሚገድለው ጭሱ ነው። ቦታውን ከመውለዷ ሳምንት አስቀድማችሁ አሳዩዋት፣ በዚያው መኖዋንና ውኃዋን ስጧት፣ ትልመደው። ስትወልድ የሰፈር ልጅ ሁሉ እንዳይከባት ከልክሉ። ለሠላሳ ደቂቃ በብርቱ እያማጠች ምንም ካልወጣ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ። ለሷም ለቡችሎቹም የወስፋት መድኃኒት ይሰጣቸው፤ የቡችላ ወስፋት ወደ ልጆቻችሁም ይተላለፋል። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ልጆች በትልቅ ሰው ፊት ይንኳቸው፣ ይልመዷቸው። ሁለት ወር ሳይሆናቸው ከእናታቸው አይነጠሉ። ሦስት ወር ሲሞላቸው ለእብድ ውሻ በሽታ ይከተቡ። ደግማ እንድትወልድ ካልፈለጋችሁ ደግሞ ቡችላ ከመጣል እሷን ማምከን ይሻላል።

ከተማ አስተዳደሩም ከዚህ አይመለጥም። ለመርዝ የሚወጣ በጀት ለክትባት ይውል። የክትባት ቀን ይታወጅ፤ በቀበሌው በኩል፣ በእድሩ በኩል፣ በቤተ ክርስቲያኑና በመስጊዱ በኩል ይነገር። ውሻ ያለው ሰው ውሻው ስንት እንደወለደች ያስመዝግብ። ቡና ማጠቢያ ያለው ነጋዴ ውሻ ለመኸር ብቻ ይዞ፣ ቡናው ሲጫን ለጎዳና ትቶ መሄዱ ይቅር። በሰው ላይ ቢሆን ይህን ምን ብለን እንደምንጠራው ሁላችንም እናውቃለን።

ለዚያ አራስ ቤት ለሚያስቀው ወዳጄም አንድ ቃል አለኝ። ገንፎው ይቅርብህ። የቡናውን አልጋ በየዓመቱ ስታድስ የሚጣል ጣውላ አለ። ሚስማሩም መዶሻውም እዚያው ነው። አናጺውም በቀን ሒሳብ ተቀጥሮ ቆሟል። ሥራው የግማሽ ቀን ነው፤ ሳትወልድ አሠራላት።